ቫይሳኪ በአናንድፑር፦ የአምስት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ከቻንዲጋር ማለዳ የተሳፈርንበት አውቶቡስ ሩፕናገርን አልፎ ወደ ሰሜን ሲያቀና፣ በቀኝ የሺቫሊክ ኮረብቶች፣ በግራ የሱትለጅ ወንዝ ሸለቆ፣ በመካከሉ ደግሞ ዓይን እስኪታክት የተዘረጋ የደረሰ ስንዴ ይታየን ጀመር። አብራኝ የተጓዘችው የክፍል ጓደኛዬ የገበሬ ልጅ በመሆኗ፣ እኔ የማሳውን ውበት ሳደንቅ እርሷ የዛላውን ቀለም እያየች ለአጨዳ ስንት ቀን እንደቀረው ትገምት ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ ቢጂ እያለ የሚጠራቸው አያቷ ከፊታችን ካለው ወንበር ዘወር ብለው፣ በልጅነታቸው ጊዜ ቫይሳኪ ሳይከበር ማጭድ ከተሰቀለበት እንደማይወርድ ነገሩን።

ቫይሳኪ የሲኮች፣ ማለትም በሰሜን ህንድ በፑንጃብ የተጀመረው የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች፣ የጸደይ በዓል ነው። ስሙን ያገኘው ቫይሳክ ከተባለው ወር ሲሆን፣ የሚከበረውም በወሩ የመጀመሪያ ቀን ነው። በጥቅምትና በኅዳር የተዘራው ስንዴ የሚደርስበት ወቅት ስለሆነ፣ በፑንጃብ ከሲኮችም በፊት የመከር በዓል ነበር። ሦስተኛው ጉሩ፣ ማለትም የሲኮች መምህር፣ አማር ዳስ በ16ኛው መቶ ዘመን ተከታዮቻቸው በዚህ ቀን ጎይንድዋል ወደምትባለው ከተማ እንዲሰባሰቡ አዘዙ፤ ዐሥረኛው ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ ደግሞ በ1699 እ.ኤ.አ. በዚሁ ቀን፣ እዚህ አናንድፑር ላይ፣ ኻልሳ የተባለውን የቃል ኪዳን ማኅበር መሠረቱ። ለበዓሉ ወደዚህች ከተማ ለመምጣት የፈለግሁት በዚሁ ምክንያት ነው። በፑንጃብ በቆየሁባቸው ወራት ቫይሳኪን አንዳንዱ የገበሬ በዓል፣ ሌላው የሃይማኖት በዓል እያለ ሲያስረዳኝ ሰንብቷል፤ ሁለቱ እንዴት አንድ ቀን ላይ እንደተገናኙ በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

አናንድፑርን በ1665 እ.ኤ.አ. የቆረቆሯት ዘጠነኛው ጉሩ ቴግ ባሃዱር ናቸው። እርሳቸው በ1675 በሙጋሉ ንጉሥ በአውራንግዜብ ትእዛዝ ዴልሂ ላይ ሲገደሉ፣ ልጃቸው ጎቢንድ ገና ዘጠኝ ዓመት ያልሞላቸው ብላቴና ነበሩ። ከተማዋን ከሩቅ የሚያሳውቃት በኮረብታ ላይ የተሠራው ነጩ ኬሽጋር ሳሂብ ነው፤ ከአምስቱ የሲኮች የሥልጣን መንበሮች አንዱ ሲሆን፣ ኻልሳ የተመሠረተበት ስፍራም እርሱ ነው።

ጫማችንን አስረክበን፣ እግራችንን ታጥበን፣ እኔ ነጠላዬን፣ እነርሱ ዱፓታቸውን ተከናንበን ወደ አዳራሹ ገባን። አካንድ ፓት የሚሉት ያላቋረጠ ንባብ ዛሬ ማለዳ ተጀምሯል። ቅዱስ መጽሐፋቸው ጉሩ ግራንት ሳሂብ 1430 ገጽ ሲኖረው፣ አንባቢዎች እየተፈራረቁ ቀንና ሌሊት በ48 ሰዓት ያህል ይጨርሱታል፤ መጨረሻውም በበዓሉ ጧት ላይ እንዲውል ተቆጥሮ ነው የሚጀመረው። ሲኮች ይህን መጽሐፍ የሚያዩት እንደ ሕያው ጉሩ ነውና፣ በዙፋን ላይ ተቀምጦ በድባብ ሥር ይነበባል፤ ከጎኑም አንድ ሰው ነጭ ጭራ ይዞ በዝግታ ያርገበግባል። ተረኛው ሲለወጥ ለማየት ቆየሁ። ተተኪው አንባቢ በቀስታ ቀርቦ ከቀድሞው ጎን ተቀመጠ፤ ዓይኑን በመስመሩ ላይ ካሳረፈ በኋላ ሁለቱ ጥቂት ቃላት አብረው አነበቡ፤ ከዚያም የአንዱ ድምፅ ዝቅ፣ የሌላው ከፍ እያለ ሄደና የቀድሞው ሰው ተነሥቶ ወጣ። በመካከሉ አንዲት ፊደል እንኳ አልተቋረጠችም። ሰዓታትና ማኅሌት ቆሜ ያደርሁባቸው ሌሊቶች ትዝ አሉኝ።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቼ ነው ወደ ላንጋር፣ ማለትም ማንም ሰው በነጻ ወደሚመገብበት ማዕድ ቤት የሄድሁት። የላንጋር ምግብ ሥጋ ፈጽሞ የለውም፤ ይሁንና ምስሩ በንጥር ቅቤ ይቁላላል፣ ከጎኑም የወተት ገንፎ ይቀርባል። ነገሩን ለቢጂ ሳስረዳቸው ጥቂት ዝም አሉና፣ እምነታቸው ጾምን እንደ ግዴታ እንደማያዝዝ፣ ጉሩዎቹም ከጾም ይልቅ አገልግሎትን እንዳስተማሩ ነገሩኝ። ይህን ካሉ በኋላ ግን ራሳቸው ተነሥተው ወደ ምጣዱ ሄዱና ቅቤ ያልነካው ቂጣ፣ ቃሪያና ሽንኩርት ይዘውልኝ መጡ። «ቃል የገባሽው ለፈጣሪ ነው፤ እኔ ላፈርሰው አልችልም» አሉኝ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 4

ዛሬ ሌሊት በዐሥር ሰዓት ተነሥተን ወደ ላንጋሩ ወረድን። ዋዜማው የሥራ ቀን ነው። በረጅሙ ሸራ ላይ ዐርባ የሚሆኑ ሴቶች ክብ ሠርተው ሊጡን ያድቦለቡላሉ፣ ይዳምጣሉ፤ ወንዶቹ ደግሞ አልጋ የሚያህለውን የብረት ምጣድ ከበው ቂጣውን በረጅም መገልበጫ ያገላብጣሉ። መዳመጫ ተሰጥቶኝ ከአንዲት ሴት አጠገብ ተቀመጥሁ። የሊጡን መካከል እየተጫንሁ ስታገል አየችኝና፣ እጄን በእጇ ይዛ ጫና የሚያስፈልገው ዳሩ ላይ እንደሆነ አሳየችኝ፤ ዳሩ ሲጫን ሊጡ ራሱ ከመዳመጫው ሥር እየዞረ ይከባል። መካከሉ ካልሳሳ ምጣድ ላይ ሲያርፍ እንደ ፊኛ ይነፋል፤ የበሰለውም በዚያ ይታወቃል። ዱቄቱን የሚያመጡት ገበሬዎች ናቸው። ሲኮች ከገቢያቸው ዐሥረኛውን እጅ ይሰጣሉ፤ ዳስቫንድ ይሉታል፣ የእኛው አሥራት ማለት ነው። አሁን የምንጋግረው ያለፈው ዓመት ስንዴ እንደሆነ ሴትዮዋ ነገረችኝ፤ ጎተራዎች አዲሱ ሳይገባ የሚራገፉበት ሰሞን ነው።

ረፋዱ ላይ ቢጂ ከኬሽጋር ሳሂብ ደረጃ ጥላ ሥር አስቀምጠውን የ1699ኙን ታሪክ ተረኩልን። ጓደኛዬ እየተረጎመችልኝ የሰማሁትን እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

በዚያ ቀን ብዙ ሺህ ሕዝብ ተሰብስቦ ሳለ፣ የ32 ዓመቱ ጉሩ ጎቢንድ ከድንኳን ፊት ቆመው ሰይፋቸውን መዘዙና ራሱን የሚሰጠኝ ማን ነው ብለው ጠየቁ። ሕዝቡ ደነገጠ፤ ከፊሉም ሸሸ። በመጨረሻ የላሆሩ ዳያ ራም ተነሣ፤ ጉሩው ወደ ድንኳኑ ይዘውት ገቡና ደም የነካው ሰይፍ ይዘው ብቻቸውን ወጡ፤ ሁለተኛም ጠየቁ። እንዲህ እያለ አምስት ሰው ገባ። የመጀመሪያው ነጋዴ፣ ሁለተኛው የሀስቲናፑር ገበሬ፣ ሦስተኛው የጃጋናት ፑሪ ውሃ ቀጂ፣ አራተኛው የድዋርካ ልብስ አታሚ፣ አምስተኛው የቢዳር ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አምስቱም አዲስ ልብስ ለብሰው በሕይወት ወጡ። በድንኳኑ ውስጥ ስለሆነው ነገር ስጠይቃቸው ቢጂ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «የሚነገረው ብዙ ነው፤ ዋናው ግን የገቡት እንደማይወጡ አምነው መግባታቸው ነው» አሉ።

ከዚያ ጉሩው በብረት ሳህን ውሃ አስቀርበው፣ ጸሎት እያደረሱ ሁለት አፍ ባለው ሰይፍ አማሰሉት፤ ባለቤታቸውም ፓታሻ የሚባለውን የስኳር እንክብል ጨመሩበት። ሰይፍና ስኳር የተገናኙበት ይህ ውሃ አምሪት ይባላል። አምስቱም ከአንድ ሳህን ጠጡ። ፀጉር አስተካካዩ የቀመሰውን ከነጋዴ ቤተ ሰብ የተወለደው ቀመሰ፤ በዚያ ዘመን ህንድ በዘር ሐረግና በሙያ የተከፋፈለ ሰው ከአንድ ዕቃ አይጠጣም ነበር። የዘር ስማቸው ቀርቶ ወንዶቹ ሲንግ፣ አንበሳ፣ ሴቶቹም ኮር፣ ልዕልት፣ እንዲባሉ ተደነገገ።

ቢጂ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉት ከዚህ በኋላ ያለውን ሲነግሩን ነው። ጉሩው ራሳቸው ከአምስቱ ፊት ተንበርክከው፣ አምሪቱን ከእነርሱ እጅ እንዲሰጧቸው ለመኑ። መምህሩ የደቀ መዛሙርቱ ደቀ መዝሙር ሆነ። ጎቢንድ ራይ ይባሉ የነበሩት ጎቢንድ ሲንግ የተባሉት ከዚያች ሰዓት በኋላ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የቫይሳኪ ትርጉም ከሰይፉ ይልቅ በዚህ መንበርከክ ውስጥ ነው፤ ሌሊት በላንጋሩ እንዳየሁት ማን ይጋግራል፣ ማን ይበላል የሚለው ጥያቄ የማይነሣበት ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል።

በዘመን አቆጣጠር ነገር አንድ ግኝት ላስገባ። ኻልሳ የተመሠረተበት ቀን በዩልዮስ ቀመር ማርች 30 ቀን ነበር፤ ዛሬ ግን በዓሉ የሚከበረው በአፕሪል 13 ወይም 14 ስለሆነ ብዙ የውጭ ሰው ግራ ይጋባል። ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ግን ያ ቀን ሚያዝያ 4 ቀን 1691 ዓ.ም. ሆኖ አገኘሁት፤ የዘንድሮው በዓል ሚያዝያ 5 ነው። በ325 ዓመት ውስጥ የራቀው አንድ ቀን ብቻ ነው ማለት ነው። የፑንጃብ ወሮች የሚቆጠሩት ፀሐይ ከከዋክብት አንጻር ባላት ስፍራ ሲሆን፣ የዚያ ዓመት ርዝመት በየአራት ዓመቱ አንዴ ጳጉሜን ስድስት ከምትሆንበት ከእኛ ዓመት ጋር በደቂቃዎች ብቻ ይለያያል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ቀን ለሚቆጥር ሰው፣ ዛሬ ዓርብ የተቀመጥሁበት ደረጃ ላይ ያ ሁሉ የሆነበት ዕለት ነው። ለቢጂ ስነግራቸው እጄን ይዘው ሳሙት።

ከሰዓት በኋላ ናጋር ኪርታን የተባለው ዑደት ወጣ። ከሁሉ ፊት መንገዱን በመጥረጊያ የሚጠርጉና ውሃ የሚረጩ ምእመናን ይሄዳሉ፤ ቀጥለው ቢጫ የለበሱ፣ ባዶ እግራቸውን የሆኑ፣ ሰይፍ የያዙ አምስት ሰዎች የመጀመሪያዎቹን አምስት ወዳጆች መታሰቢያ ያደርጋሉ፤ ከእነርሱም በኋላ በአበባ ባጌጠ መኪና ላይ ጉሩ ግራንት ሳሂብ ይመጣል። ሰማያዊ የለበሱት፣ በረጅም ጥምጣማቸው ላይ የብረት ቀለበት ያደረጉት ኒሃንጎች፣ የሲክ ተዋጊዎች፣ በፈረስ አለፉ። አናንድፑር ከዚህ የበለጠ ኒሃንግ የምታየው በመጋቢት አካባቢ በሚውለው በሆላ ሞሃላ በዓል ነው ይላሉ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 5፣ የቫይሳኪ ዕለት

ሌሊቱን ሙሉ ሰው ሲጎርፍ ስላደረ፣ ጎህ ሲቀድ ኮረብታው ላይ እግር የሚያስቀምጡበት ቦታ አልነበረም። በትራክተር ተጎታች ላይ ገለባ አንጥፈው፣ ልጆቻቸውንና ድስታቸውን ጭነው የመጡ ገበሬዎች በየመንገዱ ዳር ሰፍረዋል። ከአዳራሹ በታች በሚገኝ አነስተኛ ጉሩድዋራ፣ ማለትም የሲኮች ቤተ ጸሎት፣ የባንዲራው ምሰሶ ልብስ ሲለወጥ ደረስን፤ አሮጌው ተገፎ፣ ምሰሶው በወተትና በውሃ ታጥቦ፣ አዲሱ ጨርቅ ከሥር እስከ ጫፍ ሲጎናጸፍ ሕዝቡ «ቦሌ ሶ ኒሃል» ሲባል «ሳት ስሪ አካል» እያለ ይመልስ ነበር።

ወደ ዋናው አዳራሽ ስንገባ፣ ሐሙስ ማለዳ የተጀመረው ንባብ ወደ መጨረሻዎቹ ገጾች ደርሷል። በሺህ የሚቆጠር ሰው ተቀምጦ ሳለ የሚሰማው የአንባቢው ድምፅና የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ነበር። ንባቡ ሲያበቃ ሁሉም ተነሥቶ አርዳስ የተባለውን ጸሎት አደረሰ፤ የዐሥሩ ጉሩዎችና የአምስቱ ወዳጆች መታሰቢያ ከተደረገ በኋላ፣ ጸሎቱ «ሳርባት ዳ ባላ»፣ ለሁሉም በጎ ይሁን፣ በሚል ልመና ይዘጋል። ለሲኮች ብቻ አይልም፤ ለሁሉም ነው የሚለው።

ከጸሎቱ በኋላ ካራ ፓርሻድ ይታደላል። ዱቄት፣ ስኳርና ንጥር ቅቤ እኩል እኩል ሆነው በትልቅ ድስት የሚነጎሩበት፣ ሲሰጡት ገና ትኩስ የሆነ ገንፎ መሰል በረከት ነው። ይህን አለመቀበል እንደ ንቀት እንደሚቆጠር ስላወቅሁ ሌሊቱን ስጨነቅበት አድሬ ነበር። ቢጂ ግን አስቀድመው መላ አበጅተዋል። ሁለት እጄን አጋጥሜ ተቀበልሁ፤ በግንባሬ ልክ ከፍ አድርጌ ሰገድሁ፤ ከዚያም ወደ እርሳቸው መዳፍ አዛወርሁት። እርሳቸውም ከራሳቸው ድርሻ ጋር ቀላቅለው በሉት። ቅቤው መዳፌ ላይ ቀርቶ ለረጅም ጊዜ ይሸተኝ ነበር።

ቀትር ላይ አምሪት የሚቀበሉት ሰዎች ወደ ተለየ ክፍል ገቡ። ሥርዓቱ ላልተቀበለ ሰው ክፍት ስላልሆነ በውጭ ሆኜ ጠበቅሁ። ጓደኛዬ እንዳስረዳችኝ፣ አምስት ሰዎች እንደ መጀመሪያዎቹ አምስት ሆነው አምስት ጸሎት እያደረሱ አምሪቱን ያዘጋጃሉ፤ እያንዳንዱ ተቀባይ አምስት ጊዜ ከመዳፉ ይጠጣል፣ አምስት ጊዜ በዓይኑ፣ አምስት ጊዜ በፀጉሩ ላይ ይረጭበታል፤ የተረፈውን ሁሉም ከአንድ ሳህን ይጨርሱታል። ከዚያ በኋላ ፀጉርን አለመቁረጥ፣ ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ አጭር ሱሪና ትንሽ ሰይፍ ከሰውነት የማይለዩ ምልክቶች ይሆናሉ፤ ትምባሆና ዝሙትም የተከለከሉ ናቸው።

ከወጡት መካከል በካናዳ የተወለደ አንድ ወጣት አነጋገረኝ። ሰሪ በምትባለው ከተማቸው የቫይሳኪ ሰልፍ መቶ ሺዎች እንደሚወጡበት፣ ሆኖም አምሪቱን አያቱ በተቀበሉበት ኮረብታ ላይ ለመቀበል ፀጉሩን ሦስት ዓመት ሲያሳድግ እንደቆየ ነገረኝ። የጺሙ ጫፍ ገና እርጥብ ነበር። ምን እንደተሰማው ስጠይቀው፣ ከሳህኑ መጨረሻ የጠጣው ከማያውቀው የጭነት መኪና ሾፌር ቀጥሎ እንደነበር ብቻ ነገረኝና፣ ሰውየውን ፍለጋ ወደ ሕዝቡ ገባ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 6

በአውቶቡስ ወደ አምሪትሳር መጣን። በአገር ቤት ዛሬ ገብር ኄር፣ የታመነው አገልጋይ የሚታሰብበት እሑድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን መድረስ ባልችልም ወንጌሉን በአውቶቡስ ውስጥ አነበብሁት።

ወርቃማውን ቤተ መቅደስ ሃርማንዲር ሳሂብን ብዙ ሰው በሥዕል ያውቀዋልና አላሰፋውም። ሆኖም በሥዕል የማይታዩ ሁለት ነገሮች አሉት፦ አንደኛ፣ ወደ እርሱ የሚደረሰው ደረጃ በመውረድ እንጂ በመውጣት አይደለም፤ ሁለተኛ፣ በአራቱም አቅጣጫ በር አለው፣ ለአራቱም ማዕዘን ሰው ክፍት መሆኑን ለማመልከት። ከትናንቱ በዓል የተረፈው ሕዝብ ገና አልተበተነም ነበርና ወደ ውስጥ ለመግባት ከሦስት ሰዓት በላይ ተሰልፈናል።

ከዚያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚያስኬደውን ጃሊያንዋላ ባግን ሳናይ መመለስ አልቻልንም። በ1919 እ.ኤ.አ. በቫይሳኪ ዕለት፣ አፕሪል 13፣ በግንብ በተከበበው በዚህ ሜዳ ላይ የተቃውሞ ስብሰባ ተደርጎ ነበር፤ ለበዓሉ ከየገጠሩ መጥተው ያረፉም ብዙዎች ነበሩበት። የእንግሊዙ ጄኔራል ዳየር ወታደሮቹን በጠባቡ መግቢያ አስገብቶ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ዐሥር ደቂቃ ያህል አስተኮሰ፤ 1650 ጥይት ተተኮሰ። መንግሥት የቆጠረው ሟች 379 ሲሆን ህንዶች ከሺህ በላይ ነው ይላሉ። በጡብ ግንቡ ላይ የጥይቱ ቀዳዳዎች ነጭ ምልክት ተደርጎላቸዋል፤ ሰዎች እየዘለሉ የገቡበት ጉድጓድም አለ። የካቲት 12ን ይዞ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ ግንብ እንግዳ አይደለም። ቢጂ ወደ ጉድጓዱ አልቀረቡም፤ ከአበባ ጉንጉኖቹ አጠገብ ቆመው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቆዩ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 7

በጃላንዳር አቅራቢያ ወደሚገኘው የጓደኛዬ ቤተሰብ መንደር ትናንት ማታ ገባን። ዛሬ አጨዳ ነው። ኮምባይነሩ በኪራይ ሌሊቱን ከሌላ መንደር መጥቶ፣ ጤዛው እስኪደርቅ ድረስ ከማሳው ዳር ቆሞ ጠበቀ። አባቷ፣ እኔም እንደ ልጆቹ አንክል ጂ የምላቸው፣ መንግሥት ዘንድሮ ለስንዴ የወሰነው ዋጋ በኩንታል 2275 ሩፒ መሆኑን ነግረውኝ፣ የናፍጣውንና የማዳበሪያውን ወጪ በጣታቸው ቆጠሩልኝ። ዝናብ እንዳይመጣ ሁሉም ሰው በየደቂቃው ወደ ሰማይ ያያል።

ኮምባይነሩ ከመግባቱ በፊት ቢጂ ከማሳው ዳር ጥቂት ዛላ በእጃቸው ቀነጠሱ። በሁለት መዳፋቸው መካከል አሹት፣ እፍ ብለው እብቁን አበረሩት፣ የቀረውን ፍሬም ወደ እኔ ዘረጉልኝ። «ይህስ ቅቤ የለውም» አሉኝ። በሁለት እጄ ተቀብዬ በላሁት፤ ልክ እንደ አገሬ የስንዴ እሸት ነበር፣ ከእርሱ ትንሽ ጠንከር ያለ።

ከመጀመሪያው ዙር የወረደው ስንዴ ገና ከማሽኑ ሙቀት ሳይላቀቅ ወደ ጆንያ ተገለበጠ። አንክል ጂ ጆንያዎቹን ወደ ገበያ በሚሄደው ተጎታች ላይ ሲያስጭኑ፣ ዐሥረኛው በደረሰ ቁጥር ከዛፉ ጥላ ሥር ለብቻው ያስቀምጡት ነበር። እስከ ቀትር ሦስት ሆኑ። የመንደሩ ጉሩድዋራ ጠባቂ ሊወስዳቸው በጋሪ ሲመጣ፣ ቢጂ የጆንያዎቹ አፍ በደንብ መሰፋቱን አንድ በአንድ በጣታቸው እየዳሰሱ አዩ።